የትኛው እጅ ቀደመ?

ረቡዕ ጥር 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ፋንታዬ ሀብቴ ጦር ኃይሎች ፌርማታ አጠገብ መንገድ ስትሻገር ድንጋይ የጫነ መኪና ገጭቷት ሞተች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነበር። ሾፌሩ አልሸሸም። ወርዶ አቀፋት፤ ሕይወቷ ያለፈው በእሱ እጅ ላይ ነው።

በማግስቱ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ኮልፌን ዞረ። ከሰዓት በኋላ ቃሬዛው ከእናቷ ግቢ ሲወጣ አንድ ጥቁር ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከለቀስተኛው መካከል ወጥቶ የቃሬዛውን እግር ሊይዝ እጁን ዘረጋ። የእድሩ ዳኛ ከዘራውን በሽማግሌውና በቃሬዛው መካከል አጋደመው።

“አይንኳት፣ አቶ ደምሴ” አለ።

ሽማግሌው እጁን ሰበሰበ። “ኧረ ተው፣ ለቅሶ ላይ ነን” ያለ ሰው አልነበረም። ለቀስተኛው በግራና በቀኙ አልፎት ሄደ።

ይህን ያየሁት ራሴ ነኝ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያየው ጭካኔ ነው ይላል። ጭካኔ ነው። ያዘዘችው ፋንታዬ ናት፤ ያዘዘችውም በሕይወት ሳለች፣ በሰው ፊት፣ ድምጿን ሳታሰማምር ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ሰው ለማስታረቅ አይደለም። አቶ ደምሴ በሕይወት አለ። ጋዜጣ ያነባል። ይህንንም እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ፋንታዬን ያወቅኋት ትምህርቷን ጨርሳ ከውጭ አገር በተመለሰችበት ዓመት ነው። እኔ በእናቷ በወይዘሮ በላይነሽ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ከባላቸው ጋር ከከምባታ መጥተው ኮልፌ ገበያ ቅቤ እየነገዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። እሑድ እሑድ ጥቂት የወንጌል አማኞች ሳሎናቸው ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ መዝሙሩ በግድግዳው አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ ሰው የሚጥል በሽታ ጥሎት ድንጋይ መትቶት ነበርና አጭር ዜና ሠራሁ። ዜናው በወጣ ቀን ፋንታዬ ጋዜጣውን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን አጭር ትቆረጣለች፤ ስትናገር ዓይኗን ከሰው ዓይን አትነቅልም።

“ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“‘በድንገት ወደቀ’ ብለሃል።”

“በድንገት ነው የወደቀው። በቦታው የነበሩ ሰዎችን ጠይቄአለሁ።”

“የጠየቅሃቸው ሰዎች አላዩም” አለች። “ማንም በድንገት አይወድቅም። ‘በድንገት’ የሚለው ያላየ ሰው ነው። ከመውደቁ በፊት ዓይኑ ወዴት ዞረ? አፉ ምን ሆነ? የትኛው እጅ ቀደመ?”

“እሱን አልጠየቅሁም።”

“ታዲያ ምን ጠየቅህ?”

ያኔ ጋዜጠኛ ከሆንኩ ቆይቼ ነበር፤ እንዲህ ብሎ የመለሰኝ አዘጋጅ አልነበረም። በማግስቱ ወደ ገበያው ተመለስኩ። ሰውየው ከወደቀበት ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ጨው ሻጭ አገኘሁ። “ከመውደቁ በፊት በግራ እጁ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አየሩን ሲጠራርግ ነበር፤ እኔማ ሰላምታ የሰጠኝ መስሎኝ” አለችኝ። ለፋንታዬ ነገርኳት።

“አየህ?” አለች። “ሁልጊዜ አንድ ያየ ሰው አለ። ሥራው እሱን ማግኘት ነው።”

ያን ጊዜ ስለ ዜናዬ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ፋንታዬ የምትሠራው ሐኪም ቤት ነው፤ ሙያዋ ግን ከተለመደው ሕክምና ይለያል። ያጠናችው ጭንቅላትንና ነርቭን ነው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ የጭንቅላትን ኤሌክትሪክ በብዕር የሚጽፍ አንድ አሮጌ መሣሪያ ነበር። ሽቦዎቹ በበሽተኛው ራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ብዕሮቹ በሚንሸራተት ወረቀት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቀን ወስዳ አሳየችኝ። የተኛው በሽተኛ ዓይኑን ሲጨፍን መስመሩ ረጋ ያለ ሞገድ ሆነ፤ ዓይኑን ሲገልጥ ተበታተነ። “ይኸው፣ ሲያይና ሳያይ” አለችኝ። ከዚያ በላይ አላብራራችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ታብራራለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከኮልፌም፣ ከአስኮ በኩልም እየመጡ በእናቷ ግቢ ይሰበሰባሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከሥጋ ቤት ነው። ሥጋ ሻጩ ሸምሱ ገና ከሩቅ ሲያያት ይጮኻል።

“ዶክተር፣ ዛሬም ጭንቅላት ብቻ? ሥጋው ምን በደለሽ?”

“ሥጋውን አንተ ታውቀዋለህ ሸምሱ። እኔ የማይታወቀውን ነው የምወስድልህ።”

“ለመሆኑ የበግ ጭንቅላት ምን ያስባል?”

“ያንተን ቢላዋ።”

ቤት ስትደርስ የራስ ቅሉን በአናጢ መጋዝ ዙሪያውን ትቆርጠዋለች፤ ክዳኑን ታነሣና ውስጡን በእጇ መዳፍ ላይ ታወጣዋለች። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ ታስይዛለች። የመጀመሪያው ትምህርት መያዝ ነው። ለጋ ቅቤ እንደመያዝ ነው፤ ጠበቅ ካደረጉት ይፈርሳል። ፊቱን ያዞረ ተማሪ እንደገና ይይዛል። ሁለተኛ ያዞረ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

“ጭንቅላት ሰፈር ነው” ትላለች። “እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል እዚህ ላይ የራሱ ቤት አለው። የግራው ሰፈር ቀኝ እጅን ያዝዛል፣ የቀኙ ግራውን። ቤቱ የሚሰፋው እንደ ሥራው ነው። ጀርባ ሰፊ ነው፤ እዚህ ግን ያለችው ጎጆ ናት። የሰው አውራ ጣት ትንሽ ናት፤ ቤቷ ግን የባላባት ግቢ ነው። እነዚህ ቤቶች የሚነጋገሩት በትንሽ፣ በጣም በትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። የሚጥል በሽታ የምትሉት በዚህ ሰፈር የሚነሣ እሳት ነው። ጋኔን የለበትም። አይጋባም። አሁን ንገሩኝ፤ ኮልፌ ውስጥ ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው?”

“ከማን ቤት ተነሣ?” ይላሉ።

“እኔም የምጠይቀው ያንኑ ነው። ከአውራ ጣት ቤት ከተነሣ መጀመሪያ አውራ ጣት ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ እሳቱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ እጅ፣ ክንድ፣ ፊት። ሰፈሩ በሙሉ እስኪያያዝ ድረስ ሰውየው ራሱን ያውቃል። ያያል። ይሰማል። ይናገራል።”

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች። “ይናገራል” ብላ ትደግመዋለች፤ ከዚያ መጋዙን ታጥባለች።

አንድ ቅዳሜ አንድ ረጅም ተማሪ እጁን አወጣ። “ዶክተር፣ ይኼ ሙያ እንጀራ ያበላል?”

“ለጊዜው አያበላም። ጭንቅላት አጥና ብሎ የሚቀጥርህ መሥሪያ ቤት እዚህ አገር የለም። መጀመሪያ ሐኪም ወይም የባዮሎጂ መምህር ትሆናለህ፤ በእሱ ትበላለህ። ፊዚክስ ትማራለህ፤ ኤሌክትሪክ ሳታውቅ ነርቭ አታውቅም። መሳል ትማራለህ፤ መሳል ያልቻልከውን ነገር አላየኸውም። የሰው አገር ቋንቋ ትማራለህ፣ መጻሕፍቱ በእሱ ስለሆኑ። ከዚያ ከእናትህ ርቀህ ብዙ ክረምት ታሳልፋለህ።”

“ረጅም ነው፣ ዶክተር።”

“ረጅም ነው። ለዚህ ነው ቂም የሚያስፈልገው። ፍላጎት መንገድ ላይ ይደክመዋል፤ ቂም አይደክመውም።”

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

የቂሙን ምክንያት ያገኘሁት ከእናቷ፣ ከእሷና በቦታው ከነበሩ ሰዎች ነው። የተስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ።

ታላቅ ወንድሟ ብርሃኑ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይሠራል፤ ኮት ማሰፋት የፈለገ የኮልፌ ሰው ወደ እሱ ነበር የሚሄደው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በሽታው ሲመጣ መጀመሪያ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ጨርቁ ላይ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ያን ጊዜ መኪናውን ያቆምና “እጄ መጣ” ይላል። ይህን ካለ በኋላ ከመቀመጫው ወርዶ መሬት ላይ ለመጋደም ጊዜ አለው። እናቱና ፋንታዬ በጎኑ ያስተኙታል፤ ያልፋል። ደንበኞቹም ያውቁ ነበር። “እጄ መጣ” ካለ ጨርቃቸውን ይሰበስባሉ፤ እሱም ሲነቃ ይቅርታ ጠይቆ ይቀጥላል።

በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ጎረቤት ሞተና የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ከድንኳኑ ኋላ ለለቀስተኛው ወጥ የሚሠራበት የእድሩ ትልቅ ጎላ በሦስት ድንጋይ ላይ ተጥዶ ነበር፤ ሥሩ የሚነደው ግንድ ነው። ብርሃኑ እንጨት ሊፈልጥ መጥቷል። የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ነበር፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው። ብርሃኑ የሰፋለትን አዲስ ጥቁር ኮት ለብሶ ምግቡን ሊቆጣጠር ወደ ጓሮ መጣ። ብርሃኑ እሳቱ ውስጥ ወደቀ።

አቶ ደምሴ ከዘራውን በሁለት እጁ አግድም ይዞ በእሳቱና በሰዉ መካከል ቆመ። “አትንኩት! ይጋባል!” አለ። አረፋ የደፈቀውን ሰው የነካ በሽታው ይተላለፍበታል የሚለውን ያልሰማ የለም፤ ሰዉ ቆመ። ፊቱንም አዞረ። ከኋላ አንድ ሰው “ክብሪት አሽትቱት” አለ፤ እንዲነቃ ማለት ነው። ሌላው ክብሪት ጫረ። እሳት ውስጥ ለተኛ ሰው የሚያሸትቱት ክብሪት ጫሩ። ይህን ለማመን አስቸግሮኝ ሦስት ሰዎችን ለየብቻቸው ጠይቄአለሁ፤ ሦስቱም ያንኑ ነገሩኝ።

ያወጣችው ወጥ ሠሪዋ ወይዘሮ ጠጄ ናት። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ከከዘራው ሥር አጎንብሳ አለፈችና በእግሩ ጎተተችው። ፊቱና ደረቱ ተቃጥሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሞተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አፉ አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ሰፈሩ አንድ ማጽናኛ ነበረው፤ “ራሱን ስቶ ነበር፣ አልተሰማውም።” አቶ ደምሴም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ “በድንገት ወደቀ፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ስለነበር አላየሁም” አለ። ፋንታዬ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ በድንገት ወድቆ እንደማያውቅ ታውቃለች።

ከአርባው በኋላ ጓሮ የነበረውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየሄደች ጠየቀች። የትኛው እጅ ቀደመ? “ፊቴን አዙሬ ነበር” አሉ። ሁሉም። ወይዘሮ ጠጄ ብቻ ሌላ ነገር ነገረቻት።

“ልጄ፣ እኔ ሲወድቅ አላየሁም። እንስራዬን አንሥቼ ስወጣ ግን ከጋሼ ደምሴ ጋር ፊት ለፊት ቆመው ያወሩ ነበር። እሱን ጠይቂው።”

ጠየቀችው። “አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ስለወሰደው እኔን ትጠይቂኛለሽ?” ብሎ በሩን ዘጋ።

የመጣችበት መንገድ ከዚያ በር ይጀምራል። ውጭ አገር ለመማር ስትወዳደር ፈታኞቹ ጭንቅላትን ማጥናት ለምን እንደፈለገች ጠየቋት። “ሰው ለመያዝ” አለች። አንዱ ፈታኝ ስቆ “ፖሊስ ልትሆኚ ነዋ!” አላት። “ፖሊስ የሚጠይቀው ማን እንደሠራው ነው” አለችው። “እኔ የምጠይቀው ሰውየው ራሱን ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ነው።” ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። አለፈች፤ ሄደች፤ ተማረች። በሽታው ከእጅ ሲጀምር ሰውየው እስከ መቼ እንደሚያውቅ፣ እስከ መቼ እንደሚናገር በሌሎች ሰዎች ጭንቅላት ላይ መዝግባ ተመለሰች። የቀራት አንድ ምስክር ነበር።

እንደተመለሰች በእናቷ ቦታ የእድሩ አባል ሆነች። ስብሰባው በየወሩ እሑድ ነው። የመጨረሻው አጀንዳ “ልዩ ልዩ” ሲባል ትነሣለች።

“ለዳኛው አንድ ጥያቄ አለኝ። የትኛው እጅ ቀደመ?”

“ይህ የእድር ጉዳይ አይደለም፣ ዶክተር” ይላል አቶ ደምሴ። “ሌላ ጥያቄ ያለው?”

በሚቀጥለው ወር እንደገና ትነሣለች። ሰው ጉሮሮውን መጥረግ ይጀምራል፤ ወንበር ይንቋቋል። አንድ ጊዜ አንድ አባል “ኧረ ዶክተር፣ የሞተ ሞቷል” አላት።

“የሞተውን አይደለም የምጠይቀው፤ ያለውን ነው” ብላ ተቀመጠች።

እናቷ አልወደዱላትም። “ልጄ፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወንጌሉ እንዲያ ነው የሚለው” ይሏታል።

“እማዬ፣ አንቺ ያንቺን ይቅር በይ። የእኔን አትንኪብኝ።”

ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ጸሎታቸው ይመለሳሉ፤ ፋንታዬ ወደ በጓ ጭንቅላት።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ የአቶ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ ሰናይት መውደቅ ጀመረች። አሥር ዓመት አካባቢ ትሆናለች። መጀመሪያ ጠበል ወሰዳት፤ ከዚያ ሌላ ጠበል። ልጅቷ ባሰባት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደ። ተራው ደርሶ ሲገባ ከጠረጴዛው ኋላ ፋንታዬ ተቀምጣለች። የተባባሉትን ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ነርስ ነግራኛለች፤ ፋንታዬም አልካደችም።

“ስሟ?”

“ሰናይት ደምሴ።”

“ሲጥላት የትኛው እጅ ይቀድማል?”

አቶ ደምሴ ኮፍያውን በጣቶቹ አዞረ። “እኔ እንጃ፣ ዶክተር። ፊቴን አዞራለሁ።”

ፋንታዬ ብዕሯን አስቀመጠች። “አሁንም?” አለችው።

ልጅቷን መረመረቻት፤ ኪኒን አዘዘችላት፤ ሲጥላት በጎኗ እንዲያስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳያስገቡ፣ ክብሪት የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ አስረዳችው። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

“ልጅዎን እንደ ራሴ ልጅ አክማታለሁ። ስለ እሷ አይስጉ። ስለ ራስዎ ይስጉ። በሚቀጥለው ሲጥላት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይንዎን ሳይነቅሉ ያያሉ፤ መጥተው ቅደም ተከተሉን ይነግሩኛል። ሁሉንም ቤተሰብ የምጠይቀው ይህን ነው። እሳቱ ከየትኛው ቤት እንደተነሣ ሳላውቅ ማከም አልችልም።”

ማታ ግቢ ውስጥ ሕክምና ነው ወይስ በቀል ብዬ ጠየቅኋት።

“ሁለቱም ነው” አለች። “በአንድ መንገድ የሚሄዱ ከሆነ እኔ ምን ላድርጋቸው?”

በሁለተኛው ቀጠሮ መጥቶ “ፊቴን አዞርኩ” አለ። “ይሂዱ፣ አይተው ይምጡ” ብላ መለሰችው። በሦስተኛው መጣ። ነርሷ እንዳለችው ተቀመጡ ሳይባል ተቀመጠ።

“ግራ እጇ ነው” አለ። “አውራ ጣቷ። አውራ ጣቷ ናት የምትጀምረው። ከዚያ ሙሉ እጇ። ከዚያ አፏ ወደ ጎን ሄደ። ከመውደቋ በፊት ተናገረችኝ።”

“ምን አለች?”

“‘አባባ፣ እንዳትለቀኝ።’”

ፋንታዬ ጻፈች።

“ዶክተር፣ ያን ጊዜ ራሷን ታውቃለች ማለት ነው?”

“ታውቃለች።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም። አጠገቧ ማን እንዳለ ታውቃለች። ማን እንደራቃትም ታውቃለች።”

ነርሷ ውኃ አመጣችለት፤ አልጠጣም። የልጅቷ መድኃኒት በዚያ ቀን ተስተካከለ፤ ከዚያ በኋላ ሰናይት የወደቀችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፋንታዬ ወደ ቤት ስትመጣ ቧንቧው አጠገብ ቆማ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቀው እርካታ ነበር።

“ዛሬ ያዝኩት” አለችኝ።

“ምን አደረግሽው?”

“ምንም። አስተማርኩት።”

ሰናይት ስትድን ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር መምጣት ጀመረች። ከሁሉም ታናሽ ናት፤ የበጉን ጭንቅላት ስትይዝ ግን እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቷን አታዞርም። ፋንታዬ መጋዙን ለማንም አትሰጥም ነበር፤ ለእሷ ሰጠቻት። ልጅቷ ከመጽሐፍ ላይ ጭንቅላት እየሳለች ታመጣለች፤ ፋንታዬ በቀይ ታርምላታለች። “ይቺ ትሄዳለች” ብላኛለች አንድ ቀን። “እኔ ከደረስኩበት አልፋ ትሄዳለች።”

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ አቶ ደምሴ ልጁን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆመ። እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ፋንታዬ ወደ እሱ ሄደች።

“ልጅዎ ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ‘ዶክተር፣ አንቺ ይህን ሙያ እንዴት ጀመርሽው?’ አለችኝ።”

አቶ ደምሴ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ልጁን ፈለገ።

“ውሸት አልነግራትም። ከእኔ ትስማው ወይስ ከእርስዎ?”

“ዶክተር፣ ልጄን አትንኪብኝ።”

“ልጅዎን መቼም አልነካትም። የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ነው። እኔ እንደ ሁልጊዜው እነሣለሁ።”

ከሄደ በኋላ ወደ በረንዳው መጣችና ከጎኔ ቆመች። “ከተናገረ በኋላስ?” አልኳት።

“ከተናገረ በኋላ ይኖራል” አለች። “ያውቃል፤ ይኖራል። እንደ እኔ።”

ከስብሰባው በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገር። አቶ ደምሴ በዚያው ቀን ዳኝነቱን ተወ። ወፍጮ ቤቱን ሸጦ ወደ ሳንሱሲ ተዛወረ። አባላቱ ካሳ ይቆረጥ፣ ሽማግሌ ይግባ ሲሉ ፋንታዬ ተነሥታ ሁለቱንም አልፈልግም አለች። “ወንድሜን ‘አትንኩት’ ብሎ ነበር። እኔ ስሞት ቃሬዛዬን እንዳይነካ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም” አለች። በእሱ ቦታ የተመረጠው አዲሱ ዳኛ ተቀበለ። ሰናይት ነገሩን በማግስቱ ከአባቷ አፍ ሰማች። ከዚያ በኋላም አንድም ቅዳሜ አልቀረችም፤ ከሳንሱሲ በእግሯ እየመጣች። በቀብሩ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ከቃሬዛው ኋላ ትሄድ ነበር። አባቷ ከቆመበት ስትደርስ በቀጥታ አየችው፤ ቆማም አላነጋገረችውም። አሁንም ኪኒኗን ትወስዳለች። መጋዙ እሷ ጋ ነው።

ስብሰባው የተካሄደው እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ ነው። “ልዩ ልዩ” ሲባል ፋንታዬ ተነሥታ ጠየቀች። አቶ ደምሴ እንደ ልማዱ “ሌላ ጥያቄ ያለው?” አላለም። ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ። ቀጥሎ ያለው ቃሉ ነው፤ እዚያው ሆኜ ጻፍኩት፤ በኋላ በቦታው ለነበሩ ሁለት አባላት አነበብኩላቸው፤ ልክ ነው አሉ።

“እሳቱ አጠገብ ቆመን ስለ ኮቴ ቁልፍ እናወራ ነበር። ቀኝ እጁ ነው የቀደመው። አውራ ጣቱ። ጣቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ‘ጋሼ ደምሴ፣ እጄ መጣ’ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። በግራ እጁ የኮቴን እጅጌ ያዘ። አስለቀቅሁት።”